መርፌውን ሳይሆን መጠኑን ፍሪ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ደሴ፣ ሙጋድ አካባቢ ነው። ነብሮ የሚባል 9 ዓመት የሞላው ወንድ ድመት አለኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ውሃ ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም። ሽንቱም በዛ። ይበላል፣ ግን እየከሳ ነው፤ 6 ኪሎ የነበረው 4 ኪሎ ተኩል ገባ። ሲራመድም የኋላ እግሩን ተረከዝ መሬት እያስነካ ነው። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የደሙ ስኳር 410 ሆነ፣ ሽንቱ ውስጥም ስኳር ተገኘ። ግላርጂን የሚባል ኢንሱሊን ጠዋት 1 ዩኒት፣ ማታ 1 ዩኒት እንድወጋው ታዘዘልኝ። እናቴም የስኳር ታማሚ ናት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ከእሷ ብልቃጥ ባካፍለው ምን አለበት? እጄም ይንቀጠቀጣል፤ መርፌውን ገና ሳስበው ያልበኛል። መብራት ይጠፋብናል። ጎረቤት ደግሞ ‹ሰው መድኃኒት አጥቶ ለድመት!› ይለኛል። ልተወው ይሆን? የነብሮ እናት፣ ከደሴ።»

አብሽሪ እታለም። አትተዪው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንቺ የምትፈሪው መርፌውን ነው። እኔ ደግሞ እንድትፈሪልኝ የምፈልገው መጠኑን ነው። የኢንሱሊን መርፌ አጭርና በጣም ቀጭን ናት። ብዙ ድመቶች ምግብ ላይ እያሉ ሲወጉ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። መጠኑ ሲበዛ ግን ነብሮ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትብሽም ይችላል።

ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን ያዢልኝ። ስኳሩ ለአንድ ቀን ከፍ ብሎ ቢውል ነብሮን አይገድለውም። ከልክ በታች ከወረደ ግን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ወጋሁት አልወጋሁት ብለሽ ከተምታታብሽ፣ አትድገሚ። መድኃኒቱ ፀጉሩ ላይ ፈስሶ ካገኘሽው ምን ያህሉ እንደገባ አታውቂምና፣ አትድገሚ። የሚቀጥለውን ሰዓት ጠብቂ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የሚያግዝሽ ከሆነ ደግሞ ፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ለጥፊ። የወጋው ሰው ወዲያው ምልክት ያድርግበት።

ወደ እናትሽ ብልቃጥ ልምጣ። አይሆንም። መጀመሪያ የመድኃኒቱ ዓይነት አለ። እናትሽ የትኛውን እንደሚወጉ አልጻፍሽልኝም። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ያ ነጭና ድፍርስ የሆነው ኤንፒኤች ነው፤ ወይም ከፈጣኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው፣ 70 በ30 የሚሉት። ኤንፒኤች ድመት ላይ ስኳሩን በኃይል ያወርደውና 12 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። የተቀላቀለው ደግሞ ይብሳል። ሐኪምሽ ግላርጂን ያዘዙት ቀስ ብሎ ስለሚሠራና ስለሚቆይ ነው። ግላርጂን እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ከደፈረሰ ተበላሽቷል። ግላርጂን ጨርሶ ከገበያ ቢጠፋ ሐኪሙ ሌላ ሊያዙ ይችላሉ። ያኔ ግን መጠኑም ክትትሉም እንደ አዲስ ይጀመራል፤ «ያው ኢንሱሊን ነው» ተብሎ አይተካም።

ንጽሕናውም አለ። ከድመት ቆዳ የወጣ መርፌ አንድ ቀን ተሳስቶ እናትሽ ብልቃጥ ውስጥ ቢገባ ምን ይባላል? የእሳቸው የእሳቸው፣ የነብሮ የነብሮ ይሁን። ስም ጻፉበት፣ ፍሪጅ ውስጥም መደርደሪያውን ለዩት። የእሳቸውን የስኳር ክኒንም እንዳትሞክሪለት፤ ሜትፎርሚን ለድመት አይረዳም። ውጭ አገር ለድመት ስኳር የተሠራ ክኒን መኖሩን ሰምተሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቤክሳግሊፍሎዚን የሚባለው በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጸድቋል። ግን ኢንሱሊን ለጀመረ ድመት አይሰጥም።

አሁን መጠኑ። 1 ዩኒት ምን ያህል እንደሆነች በዓይንሽ አይተሻታል? የአንዲት ጠብታ አምስተኛ ያህል ናት። ብልቃጡ ላይ 100 የሚል ቁጥር አለ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለ ማለት ነው። ፋርማሲ ገብተሽ «የኢንሱሊን ስሪንጅ» ብለሽ ብቻ ከጠየቅሽ የ1 ሚሊ ሊትሩን ሊሰጡሽ ይችላሉ። በብዙዎቹ ላይ አንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት። 1 ዩኒት በእሱ መለካት ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። የ0.5 ሚሊ ሊትሩን ፈልጊ፤ አንዷ መስመር 1 ዩኒት ናት። ግማሽ ዩኒት የሚያሳየው የ0.3 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከተገኘማ እሱን ያዢ። ለእንስሳት ተብሎ የሚሠራ የ40 ኢንሱሊንም አለ፤ ስሪንጁ ብዙ ጊዜ ቀይ ክዳን አለው። የ100ውን ኢንሱሊን በ40ው ስሪንጅ ከለካሽው፣ 1 ዩኒት ያልሽው 2 ተኩል ሆኖ ይገባል።

ይህን የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ አባት ድመታቸውን በካርቶን ይዘው በሌሊት መጡ። ድመቷ እየተንዘፈዘፈች ነበር። ስሪንጁ ላይ 0.1 የምትለውን መስመር 1 ዩኒት መስላቸው ሞልተዋታል። 0.1 ሚሊ ሊትር ግን 10 ዩኒት ነው። ሌሊቱን ግሉኮስ በደም ሥሯ እየሰጠን አነጋነው፤ ተረፈች። መጠኑን በወረቀት ጽፌ የሰጠኋቸው እኔ ነበርኩ። ስሪንጁን ይዤ፣ መስመሯን በጣቴ ነክቼ አላሳየኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ፊቴ ላይ ሳይለካ ከክፍሌ አይወጣም። አንቺም ብልቃጡንና የገዛሽውን ስሪንጅ ይዘሽ ሐኪምሽ ዘንድ ተመለሺ። እሳቸው ይሙሉ፣ አንቺ እዪ። ከዚያ አንቺ ሙዪ፣ እሳቸው ይዩ። መስመሯን በስልክሽ ፎቶ አንሻት።

አወጋጉ ቀላል ነው። ሰዓቱን ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት አድርጊው፤ ለማስታወስም ይመቻል። ቅድሚያ ምግብ። መብላቱን በዓይንሽ ካየሽ በኋላ መርፌ። ካልበላ ወይም ካስታወከ ሙሉውን መጠን አትስጪ፤ ደውለሽ ጠይቂ። ሲበላ ከጎኑ ተቀመጪ፣ ከትከሻው ኋላ ጎኑ ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት እንደ ድንኳን አንሺው። መርፌዋን ከድንኳኑ ሥር አስገቢ፣ ግፊ፣ አውጪ። በወዲያኛው በኩል ወጥታ ፀጉሩን እንዳታረጥብ ብቻ ተጠንቀቂ። ጠዋት ቀኝ ከሆነ ማታ ግራ። አልኮል መቀባት አያስፈልግም፤ ሽታውን ይጠሉታል። ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ብትዘገዪ ችግር የለም። ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ ተዪው፣ ለሚቀጥለው አቆይው። የሚቀጥለውንም እጥፍ አድርገሽ አትስጪ። አንዱ መርፌ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያገለገለውን ወፍራም የዘይት ጀሪካን ውስጥ አጠራቅሚና ክዳኑን ጠርቅመሽ ጤና ጣቢያ ስጪ። ቆሻሻ የሚለቅሙ ልጆች አሉ።

ወደ ማጀት እንግባ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ድመት ሥጋ በል ነው። እህል አያስፈልገውም። በኛ ቤት ግን ድመት የሚበላው ቤቱ የበላውን ነው፤ እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ በወተት፣ የተረፈ መኮሮኒ። ጾም ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። ድመቱ ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል። ስኳር ላለበት ድመት ይህ ማለት በየቀኑ ስኳሩን እየሰቀሉ በመርፌ ማሳደድ ነው። ወተትም የራሱ ስኳር አለው። ወጥ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራሉ። ሽንኩርት ያልገባበት ወጥ ደግሞ የለንም። ስለዚህ ከወጡ ምንም አይቅመስ።

ታዲያ ምን ይብላ? ያለ ጨውና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል። ልብ ካገኘሽ እሰየው። ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከምግቡ ካጣ ዓይኑና ልቡ ይጎዳል፤ ልብ ሥጋ ውስጥ ደግሞ በደንብ አለ። ጉበት በሳምንት አንዴ፣ ትንሽ። ከሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶ ዓሣም ጥሩ ነው፤ ቀቅለሽ እሾኩን ልቅም አድርገሽ አውጪለት። ለወራት ሥጋ ብቻ ከሆነ ካልሲየም ያንሰዋልና ምን እንደሚጨመርለት ሐኪምሽን ጠይቂ። በጾም ቀን የክርስቲያን ሥጋ ቤት ቢዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው። ደሴ ነው ያለሽው፤ ጎረቤትሽም ቁራጭ ሥጋ አይነፍግሽም። ነብሮ የማን እርድ ነው ብሎ አይጠይቅም። እናትሽ የቤቱ ዕቃ በጾም ሥጋ እንዳይነካው ካሉም አንዲት ትንሽ ድስት ለነብሮ ለዪለት።

ነገር ግን ምግቡን በአንድ ቀን እንዳትገለብጪው። እንጀራና ዳቦው ሲቀር የስኳሩ መጠን በራሱ ይወርዳል። ያኔ ትናንት ልክ የነበረው 1 ዩኒት ዛሬ ሊበዛበት ይችላል። አንድ ሳምንት፣ አሥር ቀን ወስደሽ ቀስ በቀስ ቀይሪ፣ ለሐኪምሽም አስቀድመሽ ንገሪ። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። የድመት ስኳር ብዙውን ጊዜ ከሰው ሁለተኛው ዓይነት ጋር ይመሳሰላል። ቶሎ ኢንሱሊን ከተጀመረ፣ እህሉም ከቀረ፣ አንዳንድ ድመቶች በወራት ውስጥ ኢንሱሊን ወደማያስፈልጋቸው ደረጃ ይደርሳሉ። ሁሉም አይደሉም፤ ነብሮም ይደርሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግን የሚደርስ ከሆነ የምታውቂው ስኳሩ እየወረደ ሲመጣ ነው። ልኬቱንና ምልክቱን መከታተል ያለብሽ ለዚህም ነው። ተረከዙን የሚያስነካው ነርቩ በስኳር ስለተጎዳ ነው፤ እሱም ስኳሩ ሲስተካከል በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ሊሻሻል ይችላል። በነገራችን ላይ ለማሳከክ ወይም ለሌላ ነገር ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ተሰጥቶት ያውቃል? ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ። እነዚህ ስኳር ያስነሳሉ።

ስኳሩ ከልክ በታች ሲወርድ ይደክማል፣ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል። በድንገት በኃይል ሊርበው ወይም ፈዞ ጥግ ሊይዝ ይችላል። ሲብስ ያንዘፈዝፈዋል፣ ራሱን ይስታል። ይህን ካየሽ ልለካ ብለሽ ጊዜ አታጥፊ። መዋጥ ከቻለ ወዲያው ምግብ ስጪው። ካልበላ ማር ወይም በጥቂት ውሃ የተበጠበጠ ስኳር በጣትሽ ድዱ ላይ ቀቢው። ራሱን ከሳተ ወይም እያንዘፈዘፈው ከሆነ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሺ፤ ሳምባው ውስጥ ይገባል። ጣትሽንም በጥርሱ መካከል አታሳልፊ። ከንፈሩን ገለጥ አድርገሽ ድዱን በማር አስነኪውና ወደ ሐኪም ሩጪ። ቢነቃም ሂጂ። ኢንሱሊኑ ገና ሰውነቱ ውስጥ ስላለ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። አንድ ትንሽ የማር ብልቃጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቃት።

ሌላኛው ጫፍ መድኃኒቱን ያጣ ድመት ነው። አይበላም፣ ያስታውካል፣ ይዝላል፣ ትንፋሹ እንደ አሴቶን ይሸታል። ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስቡን እያነደደ ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ይህ በቤት አይታከምም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። «ልተወው ይሆን?» ላልሽው ያለ ኢንሱሊን የሚመጣው ይኸው ነው። ቀላል ሞት አይደለም።

ልኬቱን በተመለከተ የእናትሽ ግሉኮሜትር (የደም ስኳር መለኪያው) ያገለግላል፤ ደም ለማውጣት የምትወጊበት ላንሴት ግን የነብሮ ለብቻው ይሁን። ደሙ የሚገኘው ከጆሮው የውጪ ጠርዝ ነው፣ ቀጭን የደም ሥር ታያለሽ። በደሴ ጠዋት ብርድ ጆሮው ይቀዘቅዝና ደም አይመጣም። በለብ ያለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጨምቀሽ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ጆሮውን አሙቂው። የሰው መሣሪያ የድመትን ደም ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ሐኪሙ ቁጥሩን ሲያነቡ በየትኛው መሣሪያ እንደለካሽ ንገሪያቸው። ገና ጀማሪ ነሽና ከመውጋትሽ በፊት ከ200 በታች ካገኘሽ አትውጊ፣ ደውይ። መጠኑን ራስሽ አትጨምሪ፤ አንድ መጠን መልኩን እስኪያሳይ አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል። የመለኪያው ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየሰዓቱ ለኪ አልልሽም። ክብደቱን በየሳምንቱ፣ የጠጣውን ውሃ በየቀኑ ጻፊ። በ4 ኪሎ ተኩል ክብደት በቀን ከ450 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጣ ከሆነ ስኳሩ ገና አልተያዘም።

መብራቱ ብዙ አያስጨንቅሽ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በጣም የሚጠላው ግን መቀዝቀዝ ሳይሆን በረዶ መሆንና ሙቀት ነው። ከፍሪጁ በረዶ ቤት አርቂው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢሄድ ፍሪጁን ሳትከፍቺ ጠብቂ። ሐረጎን ወርደሽ እኛ ጋ ኮምቦልቻ ከመጣሽ ግን ፀሐዩ ሌላ ነው። መኪና ውስጥ ትተሽው እንዳትወርጂ። መብራት ለቀናት ከጠፋ የድሮውን ዘዴ ተጠቀሚ። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስቀምጪ፣ መካከላቸውን አሸዋ ሙዪ፣ አሸዋውን ውሃ አጠጪ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለሽ ከውስጥ አኑሪ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሺው። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይ ይቀመጥ።

ጎረቤቶችሽን ደግሞ አትጣያቸው። የሚናገሩት ሰው መድኃኒት ሲያጣ ስላዩ ነው፤ እውነታቸውን ነው። አንቺ ግን ከማንም አልወሰድሽም። ከመንግሥት ተቋም ለሕመምተኛ የሚመጣውን አትንኪ፣ ከግል ፋርማሲ በራስሽ ብር ግዢ። ነብሮ በቀን 2 ዩኒት ብቻ ነው የሚፈልገው። በብዕር መልክ የሚሸጠው ግላርጂን 3 ሚሊ ሊትር፣ 300 ዩኒት ነው። ሐኪምሽ ከተስማሙ አንድ ብዕር ብቻ ግዢ፤ ከሱ በስሪንጅ እንዴት እንደሚቀዳም ያሳዩሽ። የከፈትሽበትን ቀን ጻፊበት፣ መቼ እንደሚጣልም ጠይቂ። ሐኪምሽ የማይገኙበት ቀን ሊኖር ስለሚችል ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እዚያው ደሴ መሆኑን አትርሺ። ችግር ከመምጣቱ በፊት ሄደሽ ድመት ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ፣ ስልክ ያዢ።

ለእጅሽ መንቀጥቀጥ አንድ ነገር ልስጥሽ። ዛሬ ማታ አንድ ብርቱካንና አንድ ስሪንጅ ያዢ። ንጹሕ ውሃ እስከ 1 ዩኒት መስመር ቅጂ፣ ብርቱካኑን ውጊ። ሃያ ጊዜ አድርጊው። ያ ስሪንጅ ከዚያ በኋላ ይጣል፣ ወደ ኢንሱሊኑ አይመለስ። ሐኪምሽ ፊት ለክተሽ ካሳየሽ በኋላ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ምግቡን አቅርቢለት፣ አንገቱን ደፍቶ መብላት ሲጀምር ጎኑ ተቀመጪ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ክብደቱንና የጠጣውን ውሃ ጻፊልኝ፤ አረማመዱንም እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ።